ቀጭ ብሎ የቀረ ስታድን ከሞተር ላይ ማውጣት

ድምጹን አንዴ የሰማ ሰው አይረሳውም። ቁልፉ መጀመሪያ ይከብዳል። ትንሽ ቆይቶ ለስለስ ይላል። «እሰይ፣ ተፈታ!» ትላላችሁ። ከዚያ ቀጭ! ዳዶው ከነቁልፉ እጃችሁ ላይ፣ የስታዱ (ዳዶው የታሰረበት ራስ የለሽ ብሎን) ግማሽ ሞተሩ ውስጥ።

እኔን እሁድ ጠዋት ነው ያገኘኝ። የድሮ ኮሮላዬ ጠዋት ስትነሳ ትክ ትክ ትላለች፤ ሞተሩ ሲሞቅ ድምጹ ይጠፋል። በማኒፎልዱ (ጭሱን ከሞተሩ በሚሰበስበው ቱቦ) እና በቴስታታው (በሞተሩ የላይኛው ክፍል) መሀል ያለው ጓርኒሲዮን፣ ማሸጊያው፣ ጭስ ማሳለፍ ጀምሯል ማለት ነው። የሁለት ሰዓት ሥራ ነው ብዬ ገባሁበት። ሦስተኛው ዳዶ ላይ ስታዱ ተቆረጠ። ሥራው አራት ቀን ፈጀ። ከአራቱ ሁለቱ ያለቁት ስታዱን አወጣለሁ ብዬ ያበላሸሁትን ሳስተካክል ነው።

ከዚያ የተማርኩት ቅደም ተከተሉን ነው። ቀዳዳውን ከማይጎዳው ዘዴ ትጀምራላችሁ። እሱ እንቢ ሲል ብቻ ወደሚቀጥለው ትሄዳላችሁ። ድሪል መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። እኔ ቶሎ ወደ መጨረሻው ነበር የዘለልኩት።

ለምን ይቆረጣል?

ስታድ ራስ የሌለው ብሎን ነው። በሁለቱም ጫፉ ጥርስ አለው። አንዱ ጫፍ ቴስታታው ውስጥ ይገባል፣ ሌላው ላይ ዳዶ ይታሰራል። በብዙ የጃፓን መኪኖች ማኒፎልዱን የሚይዘው ስታድ ውፍረቱ 8 ሚሊ ሜትር ነው፤ ዳዶው በ12 ቁልፍ ይፈታል። ማኒፎልዱ ከማርሚታው ቱቦ ጋር የሚገናኝበት ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ 10 ሚሊ ሜትር ይሆናል፣ ቁልፉም 14።

ስታዱ ብረት ነው፣ ቴስታታው አሉሚኒየም። ሲሞቁ እኩል አይሰፉም። አሉሚኒየም ከብረት ሁለት እጥፍ ገደማ ይሰፋል። መኪናው በተነሳና በጠፋ ቁጥር ስታዱ ይሳባል፣ መልሶ ይላላል። በዓመታት ውስጥ ይህ በሺህ የሚቆጠር ጊዜ ይደጋገማል። ሙቀቱ ደግሞ የነበረውን ቅባት ሁሉ አቃጥሎ ጥርሱን በደረቅ ዝገት ይሞላዋል። ዋሽንግተን ወይም ቶሮንቶ ያላችሁ፣ በክረምት ለበረዶው መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ይጨመርባችኋል። አዲስ አበባ ላይ ጨው የለም። የመኪኖቻችን ዕድሜ ብቻውን ይበቃል።

መጀመሪያ ቁሙ

ሲቆረጥ የሚመጣው ስሜት ንዴት ነው። የቀረውን ጉማጅ በመዶሻ ማዳፋት፣ በፒንሳ መጠምዘዝ ያምራችኋል። ቁልፉን አስቀምጡና ሻይ ጠጡ። የምሬን ነው። ከተቆረጠ በኋላ ባሉት አሥር ደቂቃዎች የሚደረግ ነገር ነው ቀላሉን ሥራ ከባድ የሚያደርገው።

ከሻዩ በኋላ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍቱ። ያልተፈቱ ዳዶዎች ካሉ ሁሉንም ዝገት ፈቺ ዘይት አጠጧቸውና ተዉአቸው፤ ሁለተኛ ስታድ መቁረጥ አትፈልጉም። ስትመለሱባቸው ወደ መፍታት ከመሄዳችሁ በፊት በትንሹ ወደ ማጥበቅ ግፉ። ዝገቱ በዚያ በኩል ከተሰነጠቀ በኋላ ወደ ግራ ሩብ ዙር፣ ወደ ቀኝ ትንሽ፣ እንደገና ወደ ግራ። እንዲህ ነው የሚለመነው።

ከመኪናው ስር መግባት ካለባችሁ ክሪክ ማንሻ ብቻ ነው፤ ካቫሌቶ (የመኪና ማሳረፊያ እግር) ላይ አሳርፏት። ብሎኬት ላይ በፍጹም አትመኑ። ብሎኬት ሳያስጠነቅቅ ነው የሚፈርሰው።

ቀሪዎቹ ዳዶዎች ከወጡ በኋላ ማኒፎልዱን አውርዱ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ደስ ይለዋል። ስታድ ብዙ ጊዜ የሚቆረጠው ዳዶው ስር ስለሆነ፣ ማኒፎልዱ ሲነሳ የእሱን ውፍረት ያህል ጉማጅ ቆሞ ታገኛላችሁ። የጭስ ቀዳዳዎቹን በንጹሕ ጨርቅ ድፈኑ። ጨርቆቹን ቁጠሩ። ስትጨርሱም ቁጠሩ።

ስብራቱን አንብቡ

የእጅ ባትሪ አብሩና የተቆረጠውን ፊት ተመልከቱ። ምን ያህል እንደምትለፉ ይነግራችኋል።

ከፊሉ ጥቁር ወይም ቡናማ፣ ከፊሉ አዲስ ብር የመሰለ ከሆነ ስታዱ ከረጅም ጊዜ ጀምሮ ተሰንጥቆ ነበር። መሳሳቡ ያመጣው የብረት ድካም ነው የጨረሰው። ይህ ጥሩ ዜና ነው። የተቆረጠው ከመሳሳብ እንጂ ከመጠምዘዝ ስላልሆነ፣ ውስጥ ያለው ጥርስ ያን ያህል ላይይዝ ይችላል። ዳርና ዳር ያሉት ስታዶች ብዙ ጊዜ እንዲህ ይቆረጣሉ፤ ማኒፎልዱ ሲሞቅ በጣም የሚንቀሳቀሰው በጫፎቹ በኩል ነውና።

ፊቱ ሁሉ አዲስና የተጠማዘዘ ከሆነ የቆረጣችሁት እናንተ ናችሁ። ቴስታታው ውስጥ ያለው ጥርስ ከስታዱ ጉልበት በላይ ነክሶ ይዟል ማለት ነው። ያለ ሙቀት በፒንሳ ብቻ ይወጣል ብላችሁ አትድከሙ።

ስታጠብቁ ከተቆረጠ ደግሞ እድለኞች ናችሁ። አዲስ ስታድ ከሆነ አንዳንዴ በጣት ሁሉ ይወጣል።

ዘይትና ትዕግስት

ጉማጁንና ዙሪያውን በሽቦ ብሩሽ አጽዱ። ዝገት ፈቺ ዘይት ርጩ። ከዚያ በትንሽ መዶሻ የጉማጁን አናት ቀጥታ ወደ ውስጥ መታ መታ አድርጉ፤ ሃያ ሠላሳ ጊዜ፣ ሚስማር እንደምታስጠጉ እንጂ እንደምትቀብሩ አይደለም። ዓላማው ዝገቱን አንቀጥቅጦ ለዘይቱ መግቢያ መክፈት ነው። ዘይት፣ መታ መታ፣ እረፍት። ማታ አድርጋችሁ አሳድሩት። ጠዋት ድገሙት።

ደብሊው ዲ 40 ቤታችሁ ካለ ምንም ከማጣት ይሻላል። ግን የመጀመሪያ ሥራው እርጥበት ማባረር ነው፤ ለዚህ ተብሎ የተሠራ ዝገት ፈቺ ይበልጠዋል። ሁለቱም ከሌለ አሴቶንና የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት እኩል በእኩል ቀላቅሉ። ቶሎ ስለሚለያዩ በየጊዜው በጥብጡት። ዕቃው ብርጭቆ ወይም ቆርቆሮ ይሁን፤ አሴቶን ብዙ ዓይነት ፕላስቲክ ያሟሟል። የጥፍር ቀለም ማጥፊያ ሁሉ አሴቶን አይደለም፣ ጽሑፉን አንብቡ። አሴቶን በጣም ተቀጣጣይ መሆኑንም አትርሱ። ወደ እሳት ከመሄዳችሁ በፊት ሁሉም ተጠርጎ ይድረቅ።

እሳት ካነሳን አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። አንዳንድ የፍሬን ማጽጃ ስፕሬይ ክሎሪን ያለበት ኬሚካል አለው። እሱ በእሳት ወይም በብየዳ ሲሞቅ ገዳይ ጋዝ ያወጣል። የምታሞቁትን ቦታ በእሱ አታጽዱ።

ሙቀት

አሉሚኒየም ከብረት በላይ እንደሚሰፋ አይተናል። ያ ስታዱን ያስያዘ ባሕርይ ለማውጣትም ያገለግላል። ቴስታታውን ስታሞቁ ቀዳዳው ከስታዱ በላይ ይሰፋል። ስለዚህ በእጅ የሚያዘውን የጋዝ ችቦ የምታዞሩት በስታዱ ዙሪያ ነው፣ ስታዱ ላይ አይደለም። አንድ ቦታ ላይ አታቁሙት።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ አለ። ብረት ሊቀልጥ ሲል ቀልቶ ያስጠነቅቃል። አሉሚኒየም አያስጠነቅቅም። ቀለሙን ሳይለውጥ ድንገት ይፈሳል፤ ንጹሑ እንኳ በ660 ዲግሪ ይቀልጣል፣ ቴስታታ የሚሠራበት ቅይጥ ደግሞ ከዚያ በታች። ለእኛ የሚያስፈልገን 150 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። ጠብታ ውሃ ስታደርጉበት ጭስ ብሎ ወዲያው ከጠፋ ይበቃል።

ቦታው ሲግል ጧፍ ወይም ሻማ ስታዱ ስር አስነኩት። ሰሙ ይቀልጥና ወደ ጥርሱ ይሰርጋል። ቀልድ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ፤ እኔም ስቄ ነበር። ትኩስ ብረት የቀለጠ ሰምን ዘይት በማይገባበት ስንጥቅ ሁሉ ይስበዋል።

ከማቀጣጠላችሁ በፊት የቤንዚን ቱቦዎችን፣ ሽቦዎችን፣ ፕላስቲኩን ሁሉ በቆርቆሮ ወይም በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኑ። የቤንዚን ሽታ ካለ እሳት የለም፤ መጀመሪያ ሽታው ከየት እንደሆነ ይገኝ። አጠገባችሁ እሳት ማጥፊያ ይኑር፤ ካልሆነ በጣሳ ደረቅ አሸዋ።

ጉማጅ ካለ

ጥርሱ ደህና የሆነ ሁለት ዳዶ የሚያስገባ ጉማጅ ካለ ሁለቱን አስገቡና አንዱን በሌላው ላይ አጥብቃችሁ ቆልፏቸው። ከዚያ የውስጠኛውን በቁልፍ ወደ ግራ። ሁለቱ ዳዶ አብረው ተንሸራተው ከዞሩ ተዉት፣ ይህ ዘዴ ለእናንተ ስታድ አይሆንም።

ሁለተኛው ነክሶ የሚቆለፈው ግሪፕ ፒንሳ ነው። ክቡን ጉማጅ እንዳለ አትንከሱት፤ ይንሸራተትና ይልጠዋል። መጀመሪያ በሞረድ ግራና ቀኙን ጠፍጣፋ አድርጉት። አምስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። እኔ ይህን ሳላደርግ ነው የነከስኩት። አምስት ጊዜ ተንሸራቶ ጉማጁን እንደ እርሳስ አሾለው።

በእነዚህ ሁሉ ጊዜ ጉልበታችሁን ለኩ። ስታዱ እንደ ላስቲክ ሲለጠጥ ከተሰማችሁ አቁሙ። መልሶ ሊቆረጥ ነው። በዚህኛው ዙር ከገጹ ጋር እኩል ሆኖ ይቀራል፣ ያኔ የምትይዙት ነገር የለም። ወደ ሙቀትና ሰም ተመለሱ።

ብየዳ፣ የእኔ ምርጫ

ወይ ፍንክች ካለ፣ ወይም ከገጹ ጋር እኩል ከተቆረጠ፣ ብየዳ የማይጠራ ሰው ለምን ድሪል እንደሚያነሳ አሁን አይገባኝም። በየሰፈሩ በርና መስኮት የሚሠራ በያጅ አለ። ስታድ ላይ ዳዶ መበየድ ለእሱ የደቂቃዎች ሥራ ነው።

ነገሩ የሚሠራበት ምክንያት ደስ ይላል። የብረት ኤሌክትሮድ ብረቱን ስታድ ይይዛል፣ አሉሚኒየሙን ግን አይዝም። ከቴስታታው ጋር ይጣበቅብኛል ብላችሁ አትስጉ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሙቀቱ ራሱ ስታዱ ውስጥ ይወርዳል። ስታዱ ይግላል፣ ሊሰፋ ይሞክራል፣ ቀዳዳው ጨምቆ ይይዘዋል፤ ሲበርድ ደግሞ ይኮማተራል። ዝገቱ በዚህ መሀል ይደቃል። ብየዳው መያዣ ብቻ አይደለም፣ መድኃኒቱም እሱ ነው።

እንዲህ ነው የሚደረገው። ባትሪውን ከሁለቱም ጫፍ ፍቱ። ኮምፒውተር ያላት መኪና ከሆነች የኮምፒውተሩንም ሶኬት ንቀሉ። የብየዳውን መሬት (የመመለሻ ሽቦውን መቆንጠጫ) በተቻለ መጠን ስታዱ አጠገብ እዚያው ቴስታታው ላይ አስሩ፤ ሩቅ ካሰራችሁት ኤሌክትሪኩ መንገዱን በማይገባ ቦታ ሊያደርግ ይችላል። ጉማጁ ላይ ሮንዴላ (መሀሉ የተበሳ ጠፍጣፋ የብረት ቀለበት) አስቀምጡና በቀዳዳው መሀል ስታዱንና ሮንዴላውን አንድ ላይ አስበይዱ። ሮንዴላው አሉሚኒየሙንም ይጋርዳል። ከዚያ ሮንዴላው ላይ ዳዶ አስቀምጡ፤ ለ8 ሚሊ ስታድ የ10 ሚሊ ስታድ ዳዶ ቢሆን ለኤሌክትሮዱ መግቢያ ይበቃል። የዳዶው ውስጥ እስኪሞላ ይበየድ። ዳዶውና ሮንዴላው ዚንክ ያልተቀባ ጥቁር ብረት ይሁን። ዚንኩ ሲቃጠል ጭሱ ያሳምማል፣ ብየዳውንም ያበላሻል።

አሁን ጠብቁ። ቅላቱ ሙሉ በሙሉ ይጥፋ፣ ሁለት ሦስት ደቂቃ። ውሃ አታፍሱበት፤ ድንገት የበረደ ብረት ይጠነክራል፣ ኋላ መብሳት ቢመጣ ፑንታ (የድሪል መብሻ) ሁሉ አይበሳውም። ትኩስ ሳለ ሰም አስነኩት። ከዚያ በቁልፍ በትንሹ ወደ ቀኝ፣ በትንሹ ወደ ግራ። እንቅስቃሴው የፀጉር ያህል ሊሆን ይችላል። እሱን ካገኛችሁ ጨርሳችኋል፤ ወደፊትና ወደኋላ እያላችሁ ዘይት እየጨመራችሁ አስፉት።

ዳዶው ተነቅሎ ቢወድቅ አትደንግጡ። እኔን የረዱኝ ሽማግሌ በያጅ መጀመሪያ ጉማጁን ሲያዩ «አንተ ልጅ፣ ይሄን ማን ደበደበው?» አሉኝ። «እኔ ነኝ ጋሼ» አልኩ። ራሳቸውን ነቅንቀው መነጽራቸውን አወረዱ። የመጀመሪያው ዳዶ ተነቀለ። ሁለተኛውም ተነቀለ። እኔ ተስፋ ስቆርጥ እሳቸው ሲጋራቸውን አጨሱ። «እየሞቀ ነው፣ ተወው» አሉ። ሦስተኛው ላይ ጥርጥር ጥርጥር የሚል ድምጽ አሰማና ዞረ። ያንን ድምጽ ለማንም አልሸጠውም።

ድሪል

ብየዳ በማይገኝበት፣ ወይም ስታዱ ከገጹ በታች ሰምጦ ኤሌክትሮድ በማይደርስበት ጊዜ መብሳት ይመጣል። እዚህ ላይ ያለው ጉዳይ አንድ ነው፤ መሀል። ስታዱ ጠንካራ፣ ዙሪያው ያለው አሉሚኒየም ለስላሳ ነው። ፑንታው ትንሽ ከመሀል ከወጣ ወደ ለስላሳው ይሸሻል። ከዚያ በኋላ የምትበሱት ቴስታታውን ነው።

መጀመሪያ የተቆረጠውን ፊት በሞረድ ወይም በትንሽ ግራይንደር ድንጋይ ጠፍጣፋ አድርጉት። መሀሉን በፓንች (ነጥብ በሚያወጣ ሹል ብረት) ምቱ። በአንድ ዓይን አትመኑ፤ ከላይም ከጎንም እዩት። ከመሀል ከወጣ ፓንቹን አዘንብላችሁ ነጥቡን ወደ መሀል ግፉት። እዚህ ላይ ግማሽ ሰዓት ብታጠፉ አልበዛም።

ከሁሉ የሚሻለው ግን ፑንታውን የሚመራ ቱቦ ማሠራት ነው። ብረት የሚቀርጽ ቶርኖ ቤት ሄዳችሁ፣ ከውጭ ማኒፎልዱ ቀዳዳ ውስጥ ልክክ ብሎ የሚገባ፣ መሀሉ 3 ሚሊ የተበሳ ትንሽ የብረት ቱቦ አሠሩ። ማኒፎልዱን በቀሪዎቹ ስታዶች መልሳችሁ እሰሩት። ቱቦውን በተቆረጠው ስታድ ቀዳዳ አስገቡ። አሁን ፑንታው መሸሻ የለውም። ስታዱ ከገጹ በታች ሰምጦ ከሆነ ደግሞ ቱቦው ራሱ ቴስታታው ቀዳዳ ውስጥ እንዲገባ ቀጭን ይሁን፤ ለ8 ሚሊ ቀዳዳ ከውጭ 6.6 ሚሊ። ለቶርኖ ሠሪው ቀላል ሥራ ነው፤ ያቺ ቱቦ ቴስታታችሁን ታድናለች።

በ3 ሚሊ ጀምሩ። ፑንታው ኮባልት ቢሆን ይመረጣል። ዘይት እየጨመራችሁ፣ ጫን ብላችሁ፣ በዝግታ። ፑንታው ሳይቆርጥ እያፋጨ ከዞረ ብረቱን ያጠነክረዋል፤ የብረት ፍቅፋቂ ካልወጣ አቁማችሁ ሳሉት ወይም ቀይሩት። ጥልቀቱን ካልተቆረጠ ጎረቤት ስታድ ለኩና ፑንታው ላይ ፕላስተር ጠቅልላችሁ ምልክት አድርጉ። አንዳንድ የስታድ ቀዳዳ ጀርባው የሞተሩ ውሃ መንገድ ነው። ከሚገባው በላይ ከበሳችሁ ውሃው ይመጣል።

ከ3 ወደ 4፣ ከ4 ወደ 5። በግራ የሚዞር ፑንታ ካገኛችሁ አሁን ነው ጊዜው። ድሪሉን ወደ ግራ አዙራችሁ ስትበሱ አንዳንዴ ፑንታው ይነክስና ጉማጁን ይዞ ይወጣል። በተለይ ያ በድካም የተቆረጠው ዓይነት። ይህ ሲሆን ብቻችሁን ትስቃላችሁ።

ካልወጣ ለ8 ሚሊ ስታድ እስከ 6.5 ድረስ ስፉ። መሀል ላይ ከሆናችሁ የሚቀረው ቅርፊት ብቻ ነው። በሹል ፓንች አንዱን ጠርዝ ወደ ውስጥ ግፉና በቀጭን ፒንሳ እንደ ሽቦ ጥቅል ፍቱት። ከዚያ 8 በ1.25 (ውፍረቱ 8 ሚሊ፣ ከጥርስ እስከ ጥርስ 1.25 ሚሊ) የሆነ የጥርስ ማውጫ ታፕ በእጅ አስገቡና የቀረውን ጥረጉ። የ10 ሚሊ ስታድ ከሆነ ጥርሱን ለዩ። ብዙ ቶዮታዎች 10 በ1.25 ነው የሚጠቀሙት፤ ሱቅ ላይ በብዛት ያለው ግን 10 በ1.5 ነው። ተመሳስለው የተሳሳተውን ካስገባችሁ ደህናውን ጥርስ በእጃችሁ ትበላላችሁ።

ከድጡ ወደ ማጡ

ስለ ኤክስትራክተር ሆን ብዬ እስካሁን ዝም ያልኩት ስለማልወደው ነው። በግራ የሚጠመዘዝ ሾጣጣ ብረት ነው። የበሳችሁት ቀዳዳ ውስጥ ይገባል፣ ወደ ግራ ስታዞሩት እየጠበቀ ይሄድና ጉማጁን ያወጣል። እንደዚያ ነው የሚባለው።

እስቲ አስቡት። 8 ሚሊ የሆነው ስታድ ሙሉ ውፍረቱ እያለ ጥርሱን አላሸነፈም፤ ተቆረጠ። አሁን 4 ሚሊ ቀዳዳ ውስጥ የገባ ቀጭን ብረት እንዲያሸንፈው ነው የምንጠይቀው። ኤክስትራክተር በጣም ጠንካራ ነው፣ ስለዚህም ተሰባሪ ነው። ሾጣጣነቱ ደግሞ ጉማጁን ከውስጥ ወደ ውጭ ገፍቶ ይበልጥ ያጠብቀዋል። ሲሰበር እዚያው ይቀራል። ተራ ፑንታ አይበሳውም፤ የካርባይድ ፑንታ ያስፈልጋል።

እኔ ሁለተኛው ቀን ላይ ያደረግኩት ይህንኑ ነው። ትንሽ ከመሀል የወጣ ቀዳዳ፣ ርካሽ ኤክስትራክተር፣ ረጅም እጀታ። ቀጭ! ሁለተኛው ቀጭ ከመጀመሪያው ይመራል። ያዳኑኝ እነዚያው ሽማግሌ ናቸው፤ ዳዶውን ከጉማጁና ከተሰበረው ኤክስትራክተር ጋር አብረው በየዱት።

ግድ ካላችሁ ቀጥ ያለውን ዓይነት ፈልጉ፣ ሾጣጣውን ተዉት። ስታዱን አሙቁ። እጀታው አጭር ይሁን። ሊለጠጥ ሲል ልቀቁት። በድካም ለተቆረጠና ስታጠብቁ ለተቆረጠ ስታድ ይሠራል፣ አልክድም። ለነከሰ ግን አይሆንም።

ጥርሱ ከተበላ

ቀዳዳው ከሰፋ ወይም ጥርሱ ከወደቀ ቴስታታው አበቃ ማለት አይደለም። ሄሊኮይል የሚባል እንደ ስፕሪንግ የተጠቀለለ የብረት ጥርስ አለ። ቀዳዳውን ከዕቃው ጋር በሚመጣው ፑንታ ታሰፋላችሁ፣ በራሱ ታፕ ጥርስ ታወጣላችሁ፣ ጥቅሉን ታስገባላችሁ። ብረት ስለሆነ ከቀድሞው አሉሚኒየም ጥርስ ይበረታል። ካልተገኘ ቶርኖ ቤት ከውጭም ከውስጥም ጥርስ ያለው የብረት ቱቦ ይሠራላችኋል። ቀዳዳው በጣም ወደ ጎን ከሄደ ግን ቴስታታውን አውርዶ ማሽን ላይ ማስበሳት ነው። እዚህ ላይ የጓሮ ሥራ ያበቃል።

የእኔ ሁለት ጥርስ ብቻ ነበር የተጎዳው፣ አፉ ላይ። በታፕ ጠርጌው ያዘ።

አዲሱን ማስገባት

የተቆረጠውን ናሙና ይዛችሁ ሂዱ። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ፣ ያገለገለ መለዋወጫ ገበያ፣ ከሄዳችሁ አሮጌ ሞተር ላይ የተፈታ ስታድ በርካሽ ይሰጧችኋል። አትውሰዱ። ያም ያው ዕድሜ አለው። አዲስ ግዙ፣ ከቻላችሁ ሙሉውን ስብስብ፣ ከነዳዶው። አንዱ ከተቆረጠ ጎረቤቶቹም ደክመዋል።

ቀዳዳውን በአየር ወይም በገለባ ንፉ፤ ዓይናችሁን ሸፍናችሁ። ታፑን አንዴ በእጅ አዙሩበት። ስታዱ ላይ ሙቀት የሚችል ፀረ ዝገት ቅባት በስሱ ቀቡ፤ ኒኬል ያለበት ይመረጣል፣ መዳብ ያለበትም ይሠራል። ተራ ግራሶ ይቃጠላል። ቀዳዳው ወደ ውሃ መንገድ የሚያልፍ ከሆነ በቅባቱ ፋንታ ሙቀት የሚችል የጥርስ ማሸጊያ። ስታዱን በእጅ እስከ መጨረሻው አስገቡና በትንሹ ብቻ ጠበቅ አድርጉ።

ማኒፎልዱን ከመመለሳችሁ በፊት ፊቱ ላይ ቀጥ ያለ ማስመሪያ አጋድሙ። ተጣምሞ ከሆነ ቶርኖ ቤት ያስተካክሉት፤ አለዚያ አዲሱንም ስታድ ይቆርጠዋል። ጓርኒሲዮኑ አዲስ ይሁን። ዳዶዎቹን ከመሀል ወደ ዳር፣ በሁለት ሦስት ዙር አጥብቁ። ለ8 ሚሊ ዳዶ ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 30 ኒውተን ሜትር መሀል ነው፤ የመኪናችሁ መመሪያ የሚለው ይቀድማል። ቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካ) ከሌላችሁ ተዋሱ።

የተቆረጠው የጎማ ስታድ ከሆነ ግን ይህን ሁሉ እርሱት። እሱ በጥርስ የተጠመዘዘ ሳይሆን ከጀርባ ተጨቁኖ የገባ ነው። ቸርኬውንና ፍሬኑን አውርዳችሁ በመዶሻ ወደ ኋላ ታስወጡታላችሁ። አዲሱን ከኋላ አስገብታችሁ፣ ፊት ለፊት ሮንዴላዎች ደራርባችሁ፣ ዳዶውን እያጠበቃችሁ ትስቡታላችሁ። የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። የጎደለ የጎማ ስታድ ይዛችሁ ግን ረጅም መንገድ አትውጡ።

በመጨረሻ ባትሪውን እሰሩና አስነሱ። መጀመሪያ ትንሽ ጭስ ይኖራል፤ የፈሰሰው ዘይትና ሰም ነው የሚቃጠለው፣ ከአምስት አሥር ደቂቃ በኋላ ይጠፋል። ጆሯችሁን አስጠጉ፣ እጃችሁን ግን አርቁ። ጥቂት ቀን ከነዳችሁ በኋላ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ዳዶዎቹን እንደገና በቶርክ ቁልፍ ፈትሿቸው። የእኔ ላይ ሁለቱ ትንሽ ላልተው ነበር።